የስታር ዋርስ ቅዳሜዎች፦ ከየትኛው እንጀምር? የዕቅድ ውይይት፣ ድሬዳዋ

ጸሐፊ፦
ለሥራ አመራሩ የምናቀርበው ረቂቅ ይኸው። ከዚያ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ፊልሞቹን ያላየ አባል ይህን ውይይት አያንብብ። ምስጢሩ ሁሉ እዚህ ይዘረገፋል፣ በኋላ ወቀሳ የለም። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ረቂቅ አንድ። ስድስቱን ፊልሞች በወጡበት ተራ እናሳይ፦ 1977፣ 1980፣ 1983 (ክፍል 4፣ 5፣ 6)፣ ከዚያ 1999፣ 2002፣ 2005 (ክፍል 1፣ 2፣ 3)። በየቅዳሜው አንድ፣ ስድስት ቅዳሜ። ቦታው የከዚራው ግቢ ነው፣ ከመግሪብ በኋላ 12፡45 ይጀመራል። በረመዳን ፕሮግራም የለም። ሙቀቱ ሳይመጣ እንድንጨርስ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይሁን። አስተያየት ስጡ።

የለገሃር አባል፦
ቁጥር የተጻፈበትን ነገር ከመሃል መጀመር ምን ይሉታል አቦ? ፊልሙ ራሱ «ክፍል 4» እያለ እኛ «ይሄ የመጀመሪያው ነው» ብለን ልጆቹን ልናደናግር ነው። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6። የአባትየውን ልጅነት፣ ጉርምስና፣ ውድቀት፣ ከዚያ የልጁን ታሪክ። ወራጅ ውሃ ነው።

የትርጉም ክፍል፦
ያ ቁጥር ኋላ የመጣ ነው። በ1977 ሲወጣ መግቢያው ላይ ቁጥር አልነበረም፣ «ክፍል 4» የሚለው የተጨመረው በ1981 እንደገና ለሲኒማ ሲቀርብ ነው። ይህ ደግሞ የወግ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ1977ቱ ፊልም ምንም የማያውቅ ተመልካችን አስቦ የተሠራ ነው። ኃይሉ ምን እንደሆነ፣ ጄዳይ የሚባለው ተዋጊ ማን እንደነበረ፣ የብርሃን ሰይፉ ከየት እንደመጣ ሽማግሌው ኦቢ ዋን ለወጣቱ ባለታሪክ ለሉክ ሲነግረው እኛም አብረን እንሰማለን። የ1999ኙ ግን ጄዳዮቹን ገና ከመግቢያው ሥራ ላይ ያስቀምጣቸዋል፣ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ የለም። ከ1 የጀመረ አዲስ ተመልካች የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት «ይሄ ደግሞ ማነው?» እያለ ነው የሚያሳልፈው።

ከ1 ሲጀመር በ5 ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። የአባትነቱ ምስጢር (ክፉው ቬደር የሉክ አባት መሆኑ) አንዱ ነው፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሉክ ታላቅ መምህር ሊፈልግ ረግረግ ውስጥ ይገባና ጓዙን የሚበረብር፣ ምግቡን የሚቀምስ አንድ ትንሽ አረንጓዴ ሽማግሌ ያገኛል። ተመልካቹ እንደ ሉክ ንቆት፣ ኋላ እንደ ሉክ ማፈር አለበት። ያ ሽማግሌ መምህሩ ዮዳ ራሱ ነው። ዮዳን በ1 በጄዳዮች ምክር ቤት ወንበር ላይ፣ በ2 ሰይፍ መዞ ያየ ሰው ግን ምን ብሎ ይታለል?

የማሳያ ክፍል፦
እሺ፣ ከ4 ይጀመር። የጸሐፊዋ ረቂቅ ግን ሌላ ቀዳዳ አለው። የምናሳየው ዲስክ የ1983ቱን ፊልም በ2004 ከተነካካ በኋላ የያዘ ነው። በ6 መጨረሻ ላይ ከሙታን ከሚታዩት ሦስት ሰዎች አንዱ፣ የሉክ አባት አናኪን፣ መጀመሪያ ሽማግሌ ነበር፣ በ2004 ግን ክፍል 2 እና 3 ላይ የተጫወተው ወጣት ተተክቶበታል። በወጡበት ተራ ካሳየን 6 ሲያልቅ ግቢው ሙሉ «ይሄ ልጅ ማነው?» ብሎ ይጮሃል፣ ምክንያቱም 2 እና 3 ገና አልታዩም። የድሮውን ቅጂ ያየ ሰው «በወጣበት ተራ እይ» ሲል ትክክል ነው። የእኛ ዲስክ ግን ለዚያ ተራ አይመችም።

ስለዚህ ሐሳቤ፦ 4፣ 5፣ ከዚያ ወደ ኋላ መለስ ብለን 2፣ 3፣ በመጨረሻ 6። ይህን ተራ በ2011 አንድ አሜሪካዊ ጦማሪ አቅርቦት በዓለም የታወቀ ነው፣ የእኔ ፈጠራ አይደለም። 5 የሚያልቀው ሉክ እጁንም እምነቱንም አጥቶ ነው። «እውነት አባቱ ነው? እንዴት እንዲህ ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ሲንጠለጠል 2 እና 3 መልሱን ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ 6 ሲከፈት ሉክ ጥቁር ለብሶ ገብቶ የወንበዴውን አለቃ የጃባን ዘበኞች ሳይነካቸው ጉሮሯቸውን ያንቃል። 3ን ባለፈው ቅዳሜ ያየ ሰው «ይሄም ሊበላሽ ነው» ብሎ ይደነግጣል። በወጡበትም በቁጥራቸውም ተራ ያ ድንጋጤ የለም።

የሕፃናት ክፍል፦
ዋሪያ፣ 1ን ወዴት ጣልከው? የበረሃው ውድድር ያለበት እኮ ነው። ልጆቹ ከስድስቱ ያንን ነው የሚወዱት።

የማሳያ ክፍል፦
አልጣልኩትም፣ ከቅዳሜው መስመር አወጣሁት እንጂ። ሦስቱን ብንደረድር ወደ 7 ሰዓት የሚጠጋ ትዝታ በ5 እና በ6 መሃል ይገባል፣ የ5ን ጥያቄ ሦስት ቅዳሜ ማንጠልጠል ደግሞ ይከብዳል። 2 ራሱ የሚያስፈልገውን ያህል መልሶ ይናገራል፦ ልጁ አናኪን (ኋላ ቬደር የሚሆነው) ከባርነት እንደወጣ፣ እናቱ እዚያው እንደቀረች፣ ልጅቷን ከ10 ዓመት በኋላ እንዳገኛት። 1ን ብቻ የሚመለከት ክፉ ሰው በ1 ውስጥ መጥቶ በ1 ውስጥ ይሸነፋል፣ ለ2 አያስፈልግም።

የሕፃናት ክፍል፦
እንግዲያው 5 በታየ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 1ን ለልጆች እናሳይ። ቅዳሜ የቀረ አዋቂም ይምጣ። ምስጢሩ ቅዳሜ ስለወጣ የሚበላሽ ነገር የለም።

ስለ ካርቱኑም ተጠይቄ ነበር። ክሎን ዋርስ 133 ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ ወደ 22 ደቂቃ፣ ከ2008ቱ ፊልም ጋር። የተላለፈበት ተራ ከታሪኩ ተራ ጋር አይገጥምም፣ ልጆች የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ምዕራፍ 2 ክፍል 16፣ ቀጥሎ ምዕራፍ 1 ክፍል 16፣ ከዚያ ፊልሙ፣ ከዚያ ምዕራፍ 3 ክፍል 1 እና 3፣ ከዚያ ነው ምዕራፍ 1 ክፍል 1 የሚመጣው። የመጨረሻዎቹ አራት ክፍሎች ከፊልም 3 ጋር ጎን ለጎን ስለሚሄዱ 3 ሳይታይ አይነኩ። ይህን ሁሉ ግን በስድስቱ ውስጥ አትጨምሩት፣ ለክረምት እረፍት ይቆይ።

የትርጉም ክፍል፦
ተራው በዚህ ከጸና የእኛ ሥራ ይቀየራል። ሦስት ቦታ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ዋናው በ5 ውስጥ ነው። ሉክ በርሮ ሲሄድ ኦቢ ዋን «ያ ልጅ የመጨረሻ ተስፋችን ነው» ይላል፣ ዮዳ ደግሞ «አይ፣ ሌላ አለ» ብሎ ይመልሳል። በእንግሊዝኛው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። አማርኛ ግን አፉን አይዘጋም፦ «ሌላ አለች» ካልን የሉክ እህት ሊያ መሆኗ በዚያች በአንዲት «ች» ይወጣል፣ «ሌላ ሰው አለ» ካልን ደግሞ ተመልካቹን ዋሸነው፣ ወንድ ሲጠብቅ ይከርማል። ያቀረብነው «አይ፣ ሌላ ተስፋ አለ» ነው። ተስፋ ከፊተኛው ዓረፍተ ነገር የመጣ ስለሆነ ከአፍ አይጎረብጥም፣ ጾታም አያወጣም። ስለ እሷ «እህት» የሚለው ቃል ከ3 በፊት የትም እንዳይገባ።

ሁለተኛው እዚያው 5 ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ለቬደር በምስል ብቅ ሲል ነው። ንግግሩ በ2004 ተቀይሮ የሉክን አባት በስም ይጠራል። በእንግሊዝኛው አዲስ ሰው ስሙን ሰምቶ ያልፈዋል፣ ቬደርም እንደማያውቅ ሆኖ ይመልሳል። ተርጓሚው ግን «ለማብራራት» ብሎ አንድ ቃል ቢጨምር አለቀልን። ቃል በቃል፣ አጭር፣ ሳይጎላ።

ሦስተኛው የዮዳ አነጋገር ነው። እንግሊዝኛው ግሡን ወደ ኋላ ስለሚጎትት እንግዳ ይመስላል። በአማርኛ ግሥ ወትሮም መጨረሻ ነው፣ እንዳለ ከተረጎምነው እንደ ማንኛችንም ያወራል። እንግዳ እንዲሆን ግሡን ማስቀደም ነው፦ «ትማራለህ ገና፣ ብዙ» እንደማለት። በየዓረፍተ ነገሩ ከሆነ ግን ይሰለቻል፣ ከሦስት አንዱ ይበቃል።

የባዕዳኑንም ንግግር አትርሱ። ጃባ እና ግሪዶ በራሳቸው ቋንቋ ነው የሚናገሩት፣ ብዙ ቅጂ ላይ የእነሱ ጽሑፍ ለብቻው የተቀመጠ ስለሆነ የእኛ ሲከፈት ያኛው ይጠፋል። አማርኛው ውስጥ መግባት አለበት።

የመጋላ አባል፦
ጽሑፉን የማያነቡ ትንንሾች አሉ፣ አማርኛ የማይቀናቸው ጎረቤቶችም አሉ። ለምን እንደ ትርጉም ፊልሞቹ በድምፅ አይተረክም?

የትርጉም ክፍል፦
ተራኪ በሙዚቃው ላይ ይወጣበታል፣ የእነዚህ ፊልሞች ግማሽ ነገራቸው ሙዚቃው ነው። መሃል መንገድ አለ፦ መጀመሪያ ላይ ወደ ላይ የሚወጣውን ቢጫ ጽሑፍ አንድ ሰው በማይክ በአማርኛ፣ ሌላው በሶማልኛ ወይም በኦሮምኛ ያንብበው። ጽሑፉ ከመሮጡ በፊት ፊልሙን አቁሞ ማንበብ ይሻላል፣ እየሄደ ሁለት ቋንቋ አይደርስም።

የማሳያ ክፍል፦
ከፊልሙ ግርጌ የሚወጣውን የትርጉም ጽሑፍ በተመለከተ ሁለት ብልሽት አለ፣ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ከሆነ የአማርኛ ፎንት የለም ማለት ነው፣ ፊልም ማጫወቻው ቪኤልሲ ላይ ገብቶ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ መምረጥ ነው። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 ሳይሆን በኤኤንኤስአይ ተቀምጧል፣ ያ ጽሑፍ ጠፍቷል፣ ከዋናው እንደገና ማውጣት ነው። ስለዚህ ዋናው ፋይል ሁለት ቦታ ይቀመጥ።

ሦስተኛው መዘግየት ነው። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው፣ የአውሮፓ ዲቪዲ ግን በ25 ያጫውተዋል፣ የ125 ደቂቃው 4 በ120 ያልቃል። ለአንዱ የተሠራ ጽሑፍ በሌላው ላይ ሲጫን በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ይርቃል። ጽሑፉን የሚያስቀድሙትን እና የሚያዘገዩትን የቪኤልሲ ጂ እና ኤች ቁልፎች መጫን አይጠቅምም፣ ልዩነቱ እያደገ ነው የሚሄደው። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም የምስል ፍጥነቱን መቀየር ነው። ልዩነቱ እያደገ ሳይሆን ከአንድ ቦታ ጀምሮ በድንገት ከመጣ ግን ፍጥነቱ አይደለም፣ ጽሑፉ ለሌላ ቅጂ የተሠራ ነው። በ4 ውስጥ በ1997 የተጨመረውን የጃባ ትዕይንት ፈትሹ።

መብራት ከሄደ ፕሮጀክተሩ አምፖሉ እንደጋለ ነው የሚጠፋው፣ ማራገቢያው ስላልሠራ ዕድሜውን ይቀንሳል። 1000 ቪኤ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪው) ፕሮጀክተሩን እና ላፕቶፑን ብቻ ይያዝ፣ አምፕሊፋየሩ አይሰካበት። ጄኔሬተር እስኪነሳ ፊልሙ ይቁም።

ሰብሳቢ፦
ለግል የተሸጠ ዲስክ ለሕዝብ ማሳያ ፈቃድ አይሆንም። ትኬት አይሸጥ፣ የፈቃዱ ጥያቄ በደብዳቤ ከረቂቁ ጋር ይሂድ። በርጫ ላይ የዋለ ሰው ከፊት ወንበር አይቀመጥ፣ ምርቃና የያዘው ሰው ነው ምስጢሩን ሁልጊዜ የሚያወጣው።

የሳቢያን አባል፦
ከ6 በኋላስ? ሮግ ዋን የሚባለው ፊልም ከ4 ጥቂት ደቂቃ በፊት የሚያልቅ ነው፣ ለምን ከፊት አይሆንም?

የማሳያ ክፍል፦
ከፊት ከሆነ 4 ሲጀምር የሞት ኮከቡ (የጠላት ግዙፍ የጦር ጣቢያ) ድክመት ከየት እንደመጣ ታውቆ ያልቃል፣ ቬደርም ከነሙሉ ቁጣው ታይቷል፣ በ4 ውስጥ ዝግ ይልብናል። ለሁለተኛ ዙር ይሁን፣ ለአዋቂ ብቻ፦ ተከታታዩ ድራማ አንዶር፣ ሮግ ዋን፣ ከዚያ 4 እንደገና። አንዶር 24 ክፍል ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ በሦስት በሦስት የተሠራ ስለሆነ አራት ምሽት ነው። የመጀመሪያው ግን እንደዚያ አይከፈልም፦ 1–3፣ 4–7፣ 8–10፣ 11–12። 7ን ከ8 ጋር ካደረጋችሁት እስር ቤቱ መሃል ላይ ትቆማላችሁ። ከሮግ ዋን እና ከ4 ጋር አሥር ምሽት በጠቅላላ።

ፊልም 7፣ 8 እና 9 ይቆዩ። የወደዳቸው አባል ለብቻው ረቂቅ ያቅርብ።

የለገሃር አባል፦
ተሸንፌአለሁ፣ ግን ልጆቹ 5 አይተው 2 ሲመጣ ቁጥሩን ይጠይቁኛል።

ጸሐፊ፦
ረቂቅ ሁለት፦ ቅዳሜ 4፣ 5፣ 2፣ 3፣ 6፣ 1 ደግሞ 5 በታየ ማግስት እሑድ ጠዋት። አምስት ቅዳሜ። ማስታወቂያው ላይ ቁጥር አይጻፍ፣ ቀኑ እና የፊልሙ ስም ብቻ።

የማሳያ ክፍል፦
ላፕቶፑ ላይም እንዲሁ። ፋይሎቹ በክፍል ቁጥር ከተሰየሙ ከ5 ቀጥሎ 6 ራሱ ይከፈታል። «ቅዳሜ_1»፣ «ቅዳሜ_2» እያልኩ እሰይማቸዋለሁ፣ 1ን በሌላ ፎልደር። ዓርብ ማታ የአምስቱንም ጽሑፍ መጀመሪያ፣ መሃል እና መጨረሻ እየከፈትን እንፈትሽ፣ የትርጉም ክፍል ሁለት ሰው ይላክልኝ።