አንድ ቤተሰብ ሊበተን ነው፤ እድራችን ከየት ይጀምር? (ጎንደር)

ፀሐፊው_ማራኪ

ሰላም ለዚህ ቤት። ማራኪ አካባቢ ያለ እድር ፀሐፊ ነኝ። ከአንድ አባላችን ግቢ ተከራይታ የምትኖር እናት አለች። ባሏ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ከወረደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ልጆቿ ሦስት ናቸው፤ የ12 ዓመት ሴት፣ የ8 ዓመት ወንድ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን። በየሰው ቤት እንጀራ ትጋግራለች፣ ልብስ ታጥባለች። የሁለት ወር ኪራይ ውዝፍ አለባት። አሁን የታሰበው ትልቋ በደላላ በኩል አዲስ አበባ ሰው ቤት እንድትገባ፣ ወንዱ ማሳደጊያ እንዲሰጥ፣ ትንሹ ብቻ ከእሷ ጋር እንዲቀር ነው።

እድራችን 200 አባላት አሉት፤ በደንባችን ግን ገንዘብ የሚወጣው ለቀብርና ለሐዘን ብቻ ነው። የትኛው ቢሮ ነው መጀመሪያ የሚኬደው? ገንዘብ ብንሰጥስ በምን መልክ? ወንዱ ማሳደጊያ ቢገባ ይሻለዋል የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው?

የቀበሌ_ባለሙያ

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ፤ እሱ ካልጠራ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ማሳደጊያ የመጨረሻ አማራጭ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ ይህንኑ ነው የሚለው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2002 ዓ.ም. የተቀበለው መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት መሆን እንደሌለበት ይናገራል። እናቱ ቆማ እየሄደች «ወላጅ የሌለው» የሚል ወረቀት ለማስጻፍ የሚሯሯጡ ሰዎች አይጠፉም። እድሩ እንዲህ ላለ ወረቀት ምስክር ሆኖ እንዳይፈርም።

ቀጥሎ የሚያጣድፈው የትልቋ ጉዳይ ነው። ደላላው ቀን ቆርጦ ከሆነ ከዚያ ቀን በፊት እናቲቱን አነጋግራችሁ ጉዞውን አስቀሩ፤ ሌላው ጉዳይ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ቢቆይ ችግር የለውም።

ከዚያ በኋላ ነው ጥናቱ። ቤተሰብ «በድህነት» ተበተነ ይባላል እንጂ ቀረብ ብለው ሲያዩት አንድ የተወሰነ ሂሳብ ነው የሚበትነው፤ ኪራይ፣ ሕመም፣ አራጣ ወይም ሕፃን የሚይዝ ሰው ማጣት። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የተሰጠ ገንዘብ በወሩ ያልቃል፤ ቤተሰቡም እዚያው ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ አንዷ ሴት ሆና፣ ሁለት ጊዜ ሂዱ፤ አንዱን ጠዋት፣ አንዱን በራት ሰዓት። «በወር ስንት ታገኛለሽ?» ብላችሁ አትጠይቋት፤ የምትነግራችሁ ግምት ነው። «ባለፈው ሰኞ የማን ቤት ዋልሽ? ስንት ሰጡሽ? ማክሰኞስ?» እያላችሁ ሰባቱን ቀን አንድ በአንድ ጻፉ። ትልቋን ለብቻዋ አነጋግሯት፤ እናቷ ፊት ከተጠየቀች «እሺ፣ እሄዳለሁ» ነው የምትለው። ትምህርት ቤቷም ሂዱና ከስም ጠሪ መምህሯ ዘንድ የቀረችባቸውን ቀናት ጠይቁ።

ከጻፉት ተነስቼ ብገምት እዚህ ቤት ማነቆው ሕፃኑ ነው። እናቲቱ እሱን አዝላ ከግማሽ ቀን በላይ መሥራት አትችልም፤ ሙሉ ቀን ሥራ ስታገኝ ደግሞ ትልቋ ከትምህርት ቀርታ ትይዘዋለች። የስም ጠሪው መዝገብ ይህን በደንብ ያሳያችኋል። ግምቴ ልክ ከሆነ ርካሹ መፍትሔ ለጎረቤት ሴት ትንሽ ከፍሎ ሕፃኑን ቀን ቀን ማስያዝ ነው። ከኪራዩ ያነሰ ወጪ ነው፤ ለኪራዩ የሚሆነውንም ያመጣል።

ቢሮው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ነው፤ ከክፍለ ከተማው በፊት በቀበሌ ያለውን ባለሙያ ያግኙ። ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ የማህበረሰብ ድጋፍና ክብካቤ ጥምረቱ (ችግረኛ ቤተሰቦችን የሚረዳው የአካባቢው ነዋሪዎች ስብስብ) ጉዳዩን እንዲይዘው፣ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት (ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም) ምልመላ የሚከፈትበት ጊዜም እንዲነገራችሁ። ሴፍቲኔቱ ሲጀመር 11 ከተሞች ብቻ ነበሩት፤ ከክልላችን ደሴ ብቻ ነበረች፤ በኋላ ነው የሰፋው። ሥራ መሥራት የሚችል ያለበት ቤት በአካባቢ ልማት ሥራ ይታቀፋል፤ ያለ ሥራ የሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና በጽኑ ለታመሙ ነው። እናቲቱ ጤነኛ ከሆነች «ቀጥታ ድጋፍ» ብላችሁ ካመለከታችሁ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ስሟ ሳይወጣ ቢቀር ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ስላለ በጽሑፍ አቤት ይበሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ትልቋን ለብቻዋ ስታነጋግሩ ድብደባ ወይም ጥቃት ከተሰማ ሽማግሌ አትላኩ። ጉዳዩ የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ነው። የመደፈር ጉዳይ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ቤት መድረስ አለባት፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ አይሰጥም።

ጠበቃ_ፒያሳ

ባለሙያው ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን መታወቂያ ከሌላት አንዱም በር አይከፈትም። መጀመሪያ ይህን ይጠይቋት። ከደንቢያም ሆነ ከጭልጋ የመጣ ሰው መሸኛ ካልያዘ የቀበሌ ነዋሪ ሆኖ አይመዘገብም፤ ነዋሪ ካልሆነ ደግሞ ጤና መድኑም ሴፍቲኔቱም የለም። መሸኛውን ለማምጣት መንገዱ አስቸጋሪ ከሆነ የቀበሌው ኃላፊ በምስክር የሚያጣራበት አሠራር እንዳለ ይጠይቁ፤ እድሩ «ይህን ያህል ጊዜ አብራን ኖራለች» ብሎ በማህተም ቢጽፍ ይረዳል። ፋይዳ አላት ብላችሁ አትዘናጉ፤ ፋይዳ ማንነትን እንጂ ነዋሪነትን አያረጋግጥም።

የልጆቹ ልደት ተመዝግቧል? ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ያለፈበትም ቢሆን ይመዘገባል፤ አስቀድሞ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ጠይቆ መሄድ ነው። ለትልቋ ይህ ወረቀት ጋሻ ነው፤ ደላላ የ12 ዓመቷን ልጅ «18 ሞልቷታል» የሚለው ወረቀት ሲጠፋ ነው። ልጅን ለብዝበዛ ማጓጓዝ በአዋጅ 1178/2012 ሰው መነገድ ነው፤ ልጅቱም እናቷም መስማማታቸው ደላላውን ነፃ አያወጣውም። ይህን በአክብሮት ንገሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይሸሻል።

አባትየው ቀለብ የመቁረጥ ግዴታ አለበት፤ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 79/1995 ነው። ለዳኝነት የምትከፍለው ከሌላት በደሃ ደንብ ትከሳለች፤ ለዚህም የቀበሌ ማስረጃ ይያዛል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣልና ማመልከቻውን እዚያ ማስጻፍ ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ግን ደመወዝ የሌለው የቀን ሠራተኛ ላይ ፍርድ ማስፈጸም ከባድ ነው። አድራሻው ከተገኘ መጀመሪያ በዘመድ በኩል አነጋግሩት። በየወሩ የሚልከውን ትንሽ ነገር በጽሑፍ ይስማማ፤ በቴሌብር ይላክ፤ መዝገብ ይኖረዋል።

ሂሳብ_ያዥ

የእድሩን ገንዘብ በተመለከተ። የቀብሩን ካዝና እንዳትነኩ። አንዴ ከተነካ፣ በማግስቱ ሰው ሞቶ ገንዘብ ከጎደለ ሐሳቡ ከነሐሳብ አመንጪው ይወገዛል። በጠቅላላ ጉባኤ ደንቡ ይሻሻል፤ ለብቻው የሚያዝ የድጋፍ መዋጮ ይጨመር። 200 ሰው በወር 10 ብር ቢያዋጣ 2,000፣ በዓመት 24,000 ብር ነው። የተለየ ደብተር፣ ሦስት ፈራሚ፣ ደረሰኝ። በጉባኤ የሚነገረው «ለአንድ ቤተሰብ ይህን ያህል ወጣ» ብቻ ይሁን፤ ስሟን ሦስት ሰዎች ካወቁት ይበቃል። ፎቶ በቴሌግራም መለጠፍ ደግሞ ነውር ነው።

ድጋፉ ማለቂያ ይኑረው፤ ሦስት ወር ሙሉ፣ ቀጣዩን ሦስት ወር ግማሽ፣ ከዚያ ያበቃል። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ትወቀው። ኪራዩን ለአከራዩ በቀጥታ ትከፍላላችሁ የሚል ሐሳብ ከተነሳ ተቃወሙ። እድር እንደሚከፍል ያወቀ አከራይ በሁለተኛው ወር ይጨምራል። ብሩ በእሷ እጅ ይሂድ፤ እናንተ ደረሰኙን እዩ።

ጤና_ኤክስቴንሽን

ሕፃኑ ሁለት ዓመት ካልሞላው የምግብ እጥረት እንዳለበት ለማወቅ ዛሬ ነገ ሳትሉ ክንዱ ይለካ። የክንድ መለኪያ ጥብጣቡ በየጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያው እጅ አለ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ቀይ ከሆነ ጤና ጣቢያ ፕላምፒ ነት (በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጥ ከለውዝ የተሠራ ገንቢ ምግብ) ይሰጠዋል። ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይታይ፤ እብጠቱ ከበረታ ወይም አልበላም ካለ ተኝቶ መታከም አለበት። የተለመደው ብልሽት ፕላምፒ ነቱን ታላላቆቹም መካፈላቸው ነው፤ እነሱም ርቧቸዋል። ስለዚህ የሕፃኑ ሕክምና ሲጀመር እድሩ ለታላላቆቹ እህል ካላስገባ ሕፃኑ አያገግምም። የክትባት ካርዱንም እዩ፤ ኩፍኝ በ9 እና በ15 ወር ነው።

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ላይ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮ በመንግሥት ይሸፈናል፤ ዝርዝሩ ግን በዓመት አንዴ ነው የሚጸድቀው። አምልጧት ከሆነ ለዘንድሮው መዋጮውን እድሩ ይክፈልላት፤ የእሷና የልጆቿ በአንድ ደብተር ነው።

ፀሐፊው_ማራኪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መታወቂያ የላትም፤ ከጭልጋ ነው የመጣችው፤ ስለዚህ ነገ ከዚያ እንጀምራለን። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከአባላቱ ሁለት በግ ገዝተን እንስጣት የሚሉ በርከት ብለዋል።

ሂሳብ_ያዥ

በግ አይሆናትም። ግቢው የአከራዩ ነው፤ መኖውም በገንዘብ ነው። ኪራይ ደግሞ በየወሩ ይመጣል፤ በጎቹ የሚሸጡት ለፋሲካ ነው። በየቀኑ ብር የሚያመጣ ነገር ነው የሚያስፈልጋት። መጋገር ካወቀች በሰው ምጣድ ከምትጋግር የራሷ ምጣድ ይኑራት፤ ግን ከመግዛታችሁ በፊት የግቢው ቆጣሪ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይችል እንደሆነና አከራዩ ይፈቅድ እንደሆነ አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ምጣዱ አልጋ ሥር ይቀራል። ጤፉን በኩንታል አታስገቡላት፤ በ25 ኪሎ ጀምሩ። ሁለት ሦስት ቋሚ ደንበኛ፣ ምግብ ቤትም ይሁን ጎረቤት፣ አስቀድማችሁ አነጋግሩላት። ዱቤ የምትሰጥበትን ልክም አብራችሁ ወስኑ፤ እንጀራ ሻጭን የሚጥላት ዱቤ ነው።

የቀበሌ_ባለሙያ

በዚህ ላይ የራስ አገዝ ቡድን ውስጥ አስገቧት፤ ከ15 እስከ 20 ሴቶች ሆነው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የሚቆጥቡ፣ እርስ በርስም የሚበዳደሩ ናቸው። አራጣ አበዳሪ ቤት የሚያስኬዳትን መንገድ የሚዘጋው ይህ ነው። ድጋፉ ግማሽ ሲሆን፣ ማለትም አራተኛው ወር ላይ፣ እንደገና ጎብኟት፤ ችግሩ ካገረሸ የሚያገረሸው ያኔ ነው። ስም ጠሪ መምህሯንም ትልቋ በተከታታይ ሦስት ቀን ከቀረች እንዲደውሉላችሁ አደራ በሏቸው፤ ስልካችሁን በመዝገቡ ጀርባ ይጻፉት።