ቅሬታ ካስገባሁ በኋላ ተሰናበትኩ፤ ክሱን እንዴት ላቅርብ?

የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የምታውቁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ነፍሰ ጡር በመሆኔ እድገት ተከልክያለሁ ብዬ በጽሑፍ አመለከትኩ። በ19ኛው ቀን «በሠራተኛ ቅነሳ» የሚል የስንብት ደብዳቤ ደረሰኝ። ድርጅቱ ከ80 በላይ ሠራተኛ አለው፤ የተቀነስኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ። አዋጅ 1156/2011 ደግሞ በዚህ መጠን ላለ ድርጅት ቅነሳ የሚለው ቢያንስ 10 በመቶውን ሲነካ ነው። አንቀጽ 26(2) እርግዝናም ሆነ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት እንደማይሆኑ በግልጽ ያስቀምጣል።

የቸገረኝ ማስረጃው ነው። የቅሬታው ቅጂ በእጄ አለ፤ መዝገብ ቤት ግን የገቢ ቁጥርና ማህተም አላደረገበትም። «አልደረሰንም» ቢሉ ፍርድ ቤቱ የገቢ መዝገቡን እንዲያቀርቡ ያዝልኛል? የሥራ ባልደረቦቼ ለመመስከር ይፈራሉ፤ መጥሪያ ቢላክላቸውስ? ወደ ሥራ መመለስንና በአማራጭ ካሳን በአንድ ክስ መጠየቅ ይቻላል? ወደ ሥራ ለመመለስ የመክሰሻው 3 ወር ሊያልቅ 24 ቀን ቀርቶታል፤ ቶሎ ብትመልሱልኝ።