የወሎ ልጆች ማህበር የፍሬሽማን አቀባበል ፕሮፖዛል፦ አስተያየት እስከ ሐሙስ ማታ ብቻ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ፍሬሾቹ ቅዳሜ ይገባሉ። ዓርብ ጠዋት ለተማሪዎች ኅብረት ካላስገባን 15 ሺህ ብሯን እንደ አምናው ሌላ ማህበር ይወስዳታል።
1ኛ፦ ከመናኸሪያ እንቀበላቸዋለን፣ ሻንጣ እስከ ዶርም እናደርሳለን።
2ኛ፦ የመጀመሪያውን ሳምንት በየማታው ሁለት ሁለት ሲኒየር በሩ ላይ ይቆማል። የእኛን ፍሬሽ ወደ ግሮሰሪ ይዞ የሚወጣ ካለ እንድናውቀው።
3ኛ፦ እሁድ ማታ መጠጥ የሌለበት ትውውቅ። ቡና፣ የጾም ምግብ፣ ብርዝ፣ ሙዚቃ።
ለምን እንደሆነ አልደግመውም።

ቦርከና፦ በሩ ላይ መቆም ምንድነው? ጥበቃ ነን?

ሒሳብ ያዥ፦ ካዝናው ውስጥ 6,340 ብር ነው ያለው። ከጥቅምት ጀምሮ መዋጮ ያልከፈላችሁ 22 ናችሁ። ስም እንዳልለጥፍ።

አይጠየፍ፦ ብርዝ ላይ ጥያቄ አለኝ። ብርዝ መጠጥ አይደለም ያለው ማነው?

ጸሐፊ፦ ማር በውሃ ነው። ጌሾ የለውም።

አይጠየፍ፦ ዛሬ ማር በውሃ ነው። ሦስት ቀን ሲያድርስ? እናቴ ጠጅ ጥላ ነው ያሳደገችኝ፣ እኔን ስለ ብርዝ አታስተምሩኝ።

ጦሳ፦ ጌሾ ሳይገባ ጠጅ አይሆንም።

አይጠየፍ፦ ጌሾው ለምሬቱ ነው። የሚያሰክረው የፈላው ማር ነው። ሞቅ ያለ ቦታ ካስቀመጥከው ማንም እርሾ ሳይጨምርበት ራሱ ይፈላል።

ቦርከና፦ እንግዲያው በዕለቱ ይበረዛላ። ምን ችግር አለው?

አይጠየፍ፦ እሁድ ጠዋት ተነስቶ ማር የሚበርዝ ማነው? አንተ? አንተ ከእንቅልፍህ የምትነሳው ስምንት ሰዓት ነው።

እሙ፦ ብርዙን ተዉትና የገብስ ቅሪቦ ይሁን። ሠርግም መውሊድም ላይ የምንጠጣው እሱን ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠጣዋል፣ አለቀ።

አይጠየፍ፦ ቅሪቦ እርሾ የለውም?

እሙ፦ አያቴን ሰካራም ልትላት ነው? ሐጅ ደርሳ የመጣች ሴት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ቅሪቦ ነው የጠጣችው።

አይጠየፍ፦ አያትሽን ማን ነካት? እርሾ አለው ወይስ የለውም ነው ያልኩት።

እሙ፦ ነክተሃል።

ጦሳ፦ ነክቷል።

ጸሐፊ፦ 2ኛው ላይ አስተያየት ያለው የለም?

ነርሲንግ 4ኛ ዓመት፦ እኔ አለኝ። አምና ልጁን ያገኘሁት እኔ ነኝና ልናገር። ግቢ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ሻንጣውን የተሸከሙለት የእኛው ሲኒየሮች ናቸው፣ እምቢ ማለት አፈረ። ቀን አስቃሙት። ማታ ምርቃናውን ለመስበር፣ ጨብሲ ብለው፣ በባዶ ሆዱ አረቄ አጠጡት። ቤቱ ጠላ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። እናቱ ለሦስት ወር ብላ የቋጠረችለት ብርም እዚያው አለቀች። ስደርስ ዶርም ውስጥ በጀርባው አስተኝተውታል። አንዱ ጥቁር ቡና ያንቆረቁርለታል፣ ሌላው ፊቱ ላይ ውሃ ይደፋል። ቡና ስካር አያወጣም። አረቄውን ከደሙ የሚያወጣው ሰዓት ብቻ ነው። በጀርባው የተኛ ሰው ካስመለሰው ይታነቃል። በጎኑ ነው የሚተኛው፣ ብቻውንም አይተውም። ሲጠሩት ካልነቃ ወይ ትንፋሹ ከዘገየ ወዲያው ክሊኒክ ነው። ለምን ክሊኒክ እንዳልወሰዱት ስጠይቅ ዲሲፕሊን ፈርተን አሉኝ። ስለዚህ 4ኛ ይጨመር። የሰከረ ጓደኛውን ክሊኒክ ያደረሰ ተማሪ እንዳይከሰስ ዲኑ በጽሑፍ ያረጋግጥልን። ይህ አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

ጸሐፊ፦ ይጨመራል።

ቦርከና፦ ልክ ብለሃል። ግን የቅሪቦው ነገር ሳይዘጋ አንለፍ።

ሕግ 3ኛ ዓመት፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። ፍሬሾቹ 18 እና 19 ናቸው። በር ላይ ከምንቆም ለግሮሰሪዎቹ ደብዳቤ እንጻፍ።

ጦሳ፦ መታወቂያ የሚጠይቅ ግሮሰሪ አሳየኝና ጃምቦ እጋብዝሃለሁ።

ሕግ 3ኛ ዓመት፦ እኔም ገና 20 ነኝ።

ቦርከና፦ ሃሳብ አለኝ። ከተማችን ቢራ ፋብሪካ አለው። ደብዳቤ ብንጽፍ ድንኳንና ቲሸርት አይነፍጉንም።

ጦሳ፦ ከተማችን? ቢራ ፋብሪካው ያለው ኮምቦልቻ ነው። ደሴን አትጨምር።

ቦርከና፦ ሐይቁም የእናንተ፣ ተራራውም የእናንተ። ፋብሪካ ሲሆን ብቻ እኛን ታስታውሳላችሁ።

ጦሳ፦ ሐይቅ ራሱን የቻለ ከተማ ነው ወንድሜ።

ሕግ 3ኛ ዓመት፦ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን የወረደው በምን ይመስላችኋል? በዚሁ አዋጅ ነው። መጠጥ ለሌለበት ፕሮግራም የቢራ ፋብሪካ ቲሸርት ልናለብስ ነው?

ቦርከና፦ ስሙ ከጀርባ ይሁን።

ሒሳብ ያዥ፦ ስለ ቲሸርት ካነሳን፣ 60 ልጅ በ450 ብር 27 ሺህ ይመጣል። ከየት?

እሙ፦ ሬሜዲያሎቹ፣ ማትሪክ ሳይሞላላቸው ማካካሻ ሊማሩ የሚገቡት፣ ተቆጥረዋል?

ሒሳብ ያዥ፦ አይ። ፍሬሽማን ነው የሚለው።

እሙ፦ ማትሪክ ከመቶ አሥሩ እንኳ በማያልፍበት አገር ሬሜዲያሉን ትታችሁ ማንን ልትቀበሉ ነው? ዘንድሮ የእኛ ፍሬሽ 14 ነው። ሬሜዲያሉ 46። እነሱን ግሮሰሪ የሚወስዳቸው የለም?

ሒሳብ ያዥ፦ 60 ያልኩት ለካ ከእነሱ ጋር ነው። ይቅርታ።

አይጠየፍ፦ እሙ፣ አያትሽን ማለቴ አልነበረም። ቤታችን ቅሪቦ ስለማይጠመቅ ነው የጠየቅኩት። ይቅር በይኝ።

እሙ፦ እሺ። ግን አሁን ቅሪቦ ብታደርጉም አልጠምቅም። ሌላ ሰው ፈልጉ።

አይጠየፍ፦ እንግዲህ ብርዙም ቅሪቦውም ይቅር። ውሃና ለስላሳ።

ጦሳ፦ ወሎዬ ተሰብስቦ በውሃ? ሰው ምን ይለናል? ባለፈው የጎንደር ልጆች ሙሉ ባንድ ነበራቸው።

ጸሐፊ፦ ውሃና ለስላሳ ብያለሁ። አልቋል። አሁን የበሩ ተራ። ቅዳሜ ማታ?

ቦርከና፦ እኔ አለሁ።

ነርሲንግ 4ኛ ዓመት፦ እኔም።

ጸሐፊ፦ እሁድ?

ጸሐፊ፦ ሰኞ?

ጸሐፊ፦ ማክሰኞ? ያየ ሰው ይመልስ እንጂ። 31 ሰው አንብቦታል።

ጦሳ፦ ፍሬሾቹን ከግሮሰሪ ማስቀረት ከፈለጋችሁ ኳስ አጫውቷቸው። ደሴ ከኮምቦልቻ። የሚያደክማቸው ነገር ስጧቸው።

ቦርከና፦ ይህ ነው ሃሳብ! እኔ ኮምቦልቻን አሰለጥናለሁ።

ሕግ 3ኛ ዓመት፦ ዳኛ እሆናለሁ።

አይጠየፍ፦ አንተ ኮምቦልቻ ነህ፣ ዳኛ አትሆንም።

ሕግ 3ኛ ዓመት፦ ከሚሴ ነኝ።

ጦሳ፦ ከሚሴ ለኮምቦልቻ ይቀርባል። አይሆንም።

እሙ፦ ሴቶቹስ ቆመው ሊያጨበጭቡ ነው?

ቦርከና፦ የገመድ ጉተታ ይኑራቸው።

እሙ፦ አንተ ራስህ ጎትት።

ሒሳብ ያዥ፦ ኳስ ከሆነ ማልያ ያስፈልጋል። ቲሸርቱንና ማልያውን አንድ ካደረግነው በ15 ሺህዋ 33 ሰው እናለብሳለን። ፍሬሾቹ የየራሳቸውን ይክፈሉ።

ነርሲንግ 4ኛ ዓመት፦ እንግዳውን ነው የምታስከፍለው?

ሒሳብ ያዥ፦ መዋጮ የከፈላችሁ ዕለት እንነጋገራለን።

ቦርከና፦ ጸሐፊ፣ እኔን ቅዳሜ ከበሩ አውጣኝ። ልምምድ አለን።

ጸሐፊ፦ ሐሙስ 4 ሰዓት ከሌሊቱ። የተስተካከለው ይኸው፣ ከዚህ በኋላ አልነካውም።
1ኛ፦ ከመናኸሪያ መቀበል፣ መኪና ከተገኘ።
2ኛ፦ የደሴና የኮምቦልቻ የወዳጅነት ግጥሚያ፣ እሁድ 9 ሰዓት።
3ኛ፦ ማልያ፣ 33።
4ኛ፦ ከግጥሚያው በኋላ ትውውቅ። ውሃ፣ ለስላሳ።
የዲኑን ደብዳቤ የሚጽፍ ስላልተገኘ ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተላልፏል። የበሩ ተራ ፈቃደኛ ስላልሞላ ወጥቷል።

ነርሲንግ 4ኛ ዓመት፦ ቅዳሜ ማታ በሩ ላይ ብቻዬን ነኝ ማለት ነው?

ጦሳ፦ የማልያው ቀለም አልተጻፈም።

ቦርከና፦ ቢጫ ብቻ እንዳይሆን።