የጋራ የማገዶ ተሳቢያችን፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልን። ማህበሩ የራሱ የማገዶ ተሳቢ ይኑረው በሚለው ተስማምተናል። የቀረው ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ነው። የደረሰኝን ፍላጎት ሰብስቤ የመጀመሪያውን ረቂቅ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «ተሳቢው ግንድ ይጭናል። እዚያው ላይ በሞተር መጋዝ ይቆረጣል። ከኋላው የሃይድሮሊክ መፍለጫ ይገጠምለታል። የተፈለጠውንም ወደየቤቱ ያደርሳል።» ሁላችሁም በምታውቁት በኩል እዩት። ያልተስማማችሁበት ነገር ካለ አሁን ተናገሩ። ብረቱ ከተቆረጠ በኋላ ማረም ከባድ ነው።

በያጅ አባል፦
መፍለጫው ከኋላ ይሁን የሚለውን አልደግፍም። ተሳቢ ሲሠራ መጀመሪያ የሚታሰበው ክብደቱ የት እንደሚያርፍ ነው። ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ አካባቢ በማያያዣው በኩል መኪናው ላይ ማረፍ አለበት። መኪናው ከሚፈቅደው ልክ ግን አይለፍ። ክብደቱ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መኪናውን ከመንገድ ሊያወጣውም ይችላል። ባለ 25 ቶን ጉልበት መፍለጫ ብቻውን ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እሱን ጭራው ላይ ከሰቀልነው ተሳቢው ባዶውን ሲሄድ እንኳ አደገኛ ነው።

እንጨት ቆራጭ አባል፦
እኔም ስለ ክብደት ልጨምር። ሰው እንጨትን በዓይኑ ይገምታል፤ ዓይን ደግሞ እዚህ ላይ ያታልላል። ገና የተቆረጠ ጠንካራ እንጨት ተደርድሮ 1 ሜትር ኩብ ሲሆን ከ600 እስከ 700 ኪሎ ይደርሳል። መሃሉ ያለው ክፍተት ተቆጥሮ ነው ይሄ። እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 2 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ተሳቢ ጎኑ 1 ሜትር ከፍ ቢል ከ1.4 ቶን በላይ ይጫንበታል። ሰው ደግሞ ቦታ ካየ ይሞላል። ጎኑን 50 ሳንቲሜትር ብናደርገው ጭነቱ ከ720 እስከ 840 ኪሎ አካባቢ ይቆማል። እኔ የምለው፣ ጎኑ ራሱ ልኩን ይንገረን። «ከዚህ በላይ አትጫኑ» የሚል ጽሑፍ ማንም አያነብም።

ሾፌር አባል፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ፍሬኑስ? በብዙ አገር ጭነቱን ጨምሮ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ህጉ ያስገድዳል። ህጉ ባይኖርም ቁልቁለት ላይ ጭነቱ መኪናውን ከኋላ ሲገፋ ምን እንደሚሰማ የነዳ ያውቀዋል። ፍሬን ይግባለት። የደህንነት ሰንሰለቱም ሁለት ይሁን፤ ማያያዣው ቢለቅ እንኳ የተሳቢው አፍንጫ መሬት እንዳይመታ ከስሩ ተጠላልፎ ይታሰር።

አንጋፋ አባል፦
ልጆች፣ መፍለጫውን አትጣሉት። ይህን ሐሳብ ያነሳነው እኛ መጥረቢያ ማንሳት ያቃተን ነን። ተሳቢው ብቻ ተሠርቶ እንጨቱ ደጃችን ላይ እንደ ግንድ ከተራገፈ ምን ጠቀመን?

በያጅ አባል፦
ልክ ነዎት ጋሼ። አይጣል። ግን ለብቻው ይሁን፤ የራሱ ሁለት ጎማ ይኑረውና ተራ በተራ ወደየግቢው ይጎተት። ተሳቢው እንጨት ሲያመላልስ መፍለጫው እርስዎ ግቢ ቆሞ መሥራት ይችላል። አንድ ላይ ከተበየዱ ግን አንደኛው ሲሠራ ሌላው ሥራ ይፈታል።

እንጨት ቆራጭ አባል፦
ለእንጨቱም ይሄ ይሻላል። የተፈለጠ እንጨት ከክብ ግንድ ቶሎ ይደርቃል፤ ደህና የሚነደው ደግሞ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። ጫካ ውስጥ እየተጣደፉ ከመፍለጥ ግቢ ውስጥ ረጋ ብሎ ፈልጦ፣ ከላይ ሸፍኖ ጎኑን ለነፋስ ክፍት ማድረግ ነው።

አንጋፋ አባል፦
እንዲህ ከሆነ ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን ልለምን። ወገብ የሚቆርጠው መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ መቁረጡ ነው። እሱን አስቡበት።

እንጨት ቆራጭ አባል፦
ዋናው ጉዳይ እሱ ነው፤ ተሳቢው ከሌላው የሚለየውም በዚህ ነው። ግንዱ የሚያርፍበት መቁረጫ ማቀፊያ በአንድ ጎኑ በኩል በወገብ ቁመት ይሠራ። ቆራጩ መሬት ላይ ቆሞ ይቁረጥ እንጂ ተሳቢው ላይ አይውጣ። ማቀፊያዎቹ በ35 ሳንቲሜትር ልዩነት ይተከሉ። ያኔ በየክፍተቱ መሃል መቁረጥ ነው፣ ሜትር አያስፈልግም፤ ሁሉም ቁራጭ ለምድጃ እኩል ይወጣል። ግንዱን ግን ከወጣው ጫፉ ጀምሮ ነው መቁረጥ። ከግንዱ መሃል ከተጀመረ ሁለቱም ወገን ድጋፍ ላይ ስላረፈ ወደ ታች ጎብጦ መጋዙን ይነክሰዋል። መሃሉን መቁረጥ ግድ ከሆነ ከላይ ትንሽ ገብቶ የቀረውን ከስር መጨረስ ነው። ቀጫጭን ቅርንጫፎች ደግሞ በጠፍር አንድ ላይ ታስረው በአንዴ ይቆረጣሉ።

በያጅ አባል፦
ማቀፊያውን ከቱቦላሬ እሠራዋለሁ። ውስጡን ግን በጣውላ እናልብሰው። የመጋዙ ሰንሰለት ብረት ከነካ ጥርሱ ወዲያው ይደንዛል፣ ሊበጠስም ይችላል። ጣውላው ሲበላሽ በቡሎን ተፈትቶ ይቀየራል። ወለሉ ወንፊት ብረት ይሁን፤ ሳጋቱራውና አፈሩ ይውረድ፣ ዝናብም አይጠራቀም። ከኋላ በሁለቱም ጥግ የሚወርድ እግር አደርግለታለሁ፤ ሲቆረጥ ተሳቢው እንዳይነቃነቅ። ዚንክ የተቀባ ብረት ግን አትግዙልኝ። ሲበየድ ጭሱ መርዝ ነው። ጥቁር ብረት ይምጣ፣ ከብየዳ በኋላ እንቀባዋለን።

ሂሳብ ያዥ፦
ከእኔ አጭር ነው። አክስሉ፣ ማያያዣው፣ ፍሬኑና ጎማው የመሸከም አቅማቸው የታተመባቸው ሆነው አዲስ ይገዙ። የተጣለ መኪና አክስል ርካሽ ነው፤ ስንት እንደሚችል ግን የሚነግረን የለም። ቁጠባውን ከሌላው ብረት እንፈልግ።

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ረቂቁን ቀይሬዋለሁ፦ «ማህበሩ ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ያሠራል። ጎኑ ከ50 ሳንቲሜትር አይበልጥም። የራሱ ፍሬንና ሁለት የደህንነት ሰንሰለት ይኖረዋል። በአንድ ጎኑ በወገብ ቁመት፣ በጣውላ የተለበጠ መቁረጫ ማቀፊያ ይገጠምለታል። መፍለጫ በራሱ ጎማ ለብቻው ይቀርባል፤ ሁለቱም በአንድ ጥያቄ ይጸድቃሉ።» የመጨረሻውን ያስገባሁት ተሳቢው ተሠርቶ መፍለጫው እንዳይረሳ ነው።

እንጨት ቆራጭ አባል፦
አንድ አንቀጽ ይጨመር። መቁረጥ የሚጀመረው ተሳቢው መኪና ላይ እንደተያያዘ፣ የመኪናው የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው ስር ታኮ ገብቶ ነው። ቆራጩ የራስ ቁር፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ፣ መጋዝ የሚያስቆም ሱሪና ጠንካራ ጫማ ያድርግ። የመጋዙ አፍንጫ የላይኛው ጫፍ እንጨት ከነካ ወደ ሰውየው ይመለሳል፤ ለዚህ ነው ከትከሻ በላይ መቁረጥ የሚከለከለው። ግንድ የሚያቀብለውም መጋዙ እስኪቆም ርቆ ይጠብቅ። ይህ በረቂቁ ካልገባ ፊርማዬን አላኖርም።

የማህበሩ ጸሐፊ፦
እንዳለ ገብቷል።

ሾፌር አባል፦
በያጃችን ከመጀመሩ በፊት የመኪኖቻችን ማያያዣ ቁመት ይለካ። ከመሬት እስከ ማያያዣው ኳስ ጫፍ፣ መኪናው እንደ ወትሮው ተጭኖ ነው የሚለካው። ተሳቢው ሲያያዝ አግድም ካልሆነ ከላይ ስለ ሚዛን የተባለው ሁሉ ይዛባል። ሁላችሁም ልኩን ለጸሐፊያችን ላኩ። የሚለያይ ከሆነ ከፍና ዝቅ የሚል ማያያዣ እንዲገዛ ለሂሳብ ያዣችን እነግራለሁ።