ኦፓሉ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ቀለሙ ጠፋብኝ፤ ቀለበቱ ለእሑድ ሠርግ ይደርስ ይሆን?

ብር ሠሪው (ጠያቂ)፣ ማክሰኞ ማታ
ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ፈጥናችሁ እርዱኝ። ለእሑድ ሠርግ የታዘዝሁትን የሙሽራ ቀለበት በእጄ ሠርቼ፣ የወሎ ኦፓል ገጥሜበት ትናንት ጨርሼው ነበር። ድንጋዩ መልኩ ነጭ ሆኖ ሲያዞሩት አረንጓዴና ቀይ እሳት የሚረጭ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን ከታጠበ በኋላ እንደ መስኮት መስተዋት ጠርቶ፣ ከሥሩ ያለው ብር እስኪታይ ድረስ ቀለሙ ጠፍቷል። ድንጋዩን የሸጠልኝ ሰው ብርጭቆ ሰጥቶ እንዳታለለኝ አልጠራጠርም። ብሩን ከፍቼ ሌላ ድንጋይ ልግጠም ወይስ በእሳት ሞቅ አድርጌ ላድርቀው?

የደላንታ ልጅ
ወንድሜ፣ በእሳት አያስጠጉት። ሻጩንም ገና አይክሰሱት። ብርጭቆ ውኃ አይጠጣም፤ የእኛ አገር የወገልጤና ኦፓል፣ ማለትም ይኸው የወሎ ድንጋይ፣ ግን ይጠጣል። ደረቅ ሆኖ ምላስ ላይ ሲያስነኩት ልጥፍ የሚለውም ስለዚህ ነው። እርስዎ ያዩት ለውጥ ድንጋዩ እውነተኛ ለመሆኑ ማስረጃ እንጂ የማታለል ምልክት አይደለም። ድንጋዩ ጠምቶት ጠጣ እንጂ አልሞተም።

መምህር
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ግን ማወቅ ስለሚያስፈልግ ጥቂት ላብራራ። ኦፓል እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ የሲሊካ (አሸዋ በብዛት የተሠራበት ነገር) እንክብሎች የተሠራ ሲሆን፣ እንክብሎቹ በእኩል መጠንና በሥርዓት ሲደረደሩ ብርሃኑን ከፋፍለው የቀለሙን ጨዋታ ይሰጣሉ። በወሎው ድንጋይ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉ አየር የነበረበትን ቦታ ውኃ ሲሞላው ብርሃኑ እንደ ቀድሞው ሳይበተን ዝም ብሎ ያልፋል። ቀለሙ ጠፋ የምንለው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከመንዝ የወጣው ቡናማ ኦፓል በመሰንጠቅ ስሙ ተጎድቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በወገልጤና የተገኘው ግን ጽናቱ የተሻለ በመሆኑ ዓለም ተቀበለው። ይሁን እንጂ ጽናቱ ድንገተኛ ሙቀትን እስከ መቋቋም አይደርስም።

ጌጥ ወዳጅ
እኔም ደርሶብኛል። ሩዝ ውስጥ ቀብረው ያሳድሩት። ካልሆነ የወይራ ዘይት ጠብ ያድርጉበት፤ ያበራል።

ድንጋይ ጠራቢ
እባክዎ ዘይቱን የሚመክር ሁሉ ይተው። ዘይቱ ዛሬ ያበራል፤ ነገር ግን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ስለማይተን ድንጋዩን እየቆየ ቢጫ ያደርገዋል። ውኃ የገባበት ድንጋይ ይድናል፤ ዘይት የገባበትን ማዳን ግን እጅግ አድካሚ ነው። ለጠያቂው ሦስት ጥያቄ አለኝ። የታጠበው በምን ነው? ለስንት ሰዓት? ድንጋዩ ከመግባቱ በፊት ብየዳው ሁሉ አልቆ ነበር?

ብር ሠሪው (ጠያቂ)
ብየዳው ቀድሞ አልቋል፤ ቀለበቱን በአሲድ አጽድቼ በሚገባ ካጠብሁት በኋላ ነው ድንጋዩን ያስገባሁት። ነገር ግን የማለስለሻው ቅባት በብሩ ጠርዝ ላይ ስለቀረ፣ ትናንት ማታ ለብ ባለ ውኃና በልብስ ሳሙና ዘፍዝፌ አሳደርሁት። ይህን መጻፍ ይገባኝ ነበር።

ጌጥ ወዳጅ
እንግዲያው ሩዝ ነው መፍትሔው።

ድንጋይ ጠራቢ
ሩዝ በፍጥነት ይመጥጣል ብለው ካመኑ የሚያስፈራውም እርሱው ነው። ላዩ ፈጥኖ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከቀረ ድንጋዩ እንደ ሸረሪት ድር ሊሰነጣጠቅ ይችላል። እኔ ብሆን በመጀመሪያ የሳሙናው ትርፍ እንዲወጣ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እኩል በሆነ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሁለት ሰዓት አስቀምጬ ውኃውን አንድ ጊዜ እለውጣለሁ። ከዚያ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልዬ ፀሐይና ምድጃ በሌለበት ጥላ ቦታ እተወዋለሁ። እንደገና ውኃ ውስጥ መክተት ለሰሚው እንግዳ ይሆናል፤ ነገር ግን ሳሙናው ውስጡ ከደረቀ ደብዝዞ ይቀራል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ብያለሁ፦ ከሥሩ ብሩ ይታየኛል ካሉ የቀለበቱ ጀርባ ዝግ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ውኃው የሚወጣው በላይ በኩል ብቻ ስለሆነ ከተለመደው ይዘገያል።

አሮጌው አንጥረኛ
ልጄ፣ ብሩን ለመክፈት አትቸኩል። አባቴ ማርትሬዛ፣ የድሮውን የብር ገንዘብ፣ እያቀለጠ ይሠራ ነበር፤ ማርትሬዛ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ብቻ ንጹሕ ብር ስለሆነ ጠንካራ ነው። ድንጋይ የሚይዘው ከንፈር ከእንደዚህ ያለ ብር ከተሠራ አንድ ጊዜ ታጥፎ እንደገና ሲነሣ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ንጹሕ ብር ከሆነ ግን ለስላሳ ነውና በቀጭን ብረት ቀስ ብለህ ልታነሣው ትችላለህ። አንተ የሠራኸው ከየትኛው ነው? ለወደፊቱ ደግሞ ከድንጋዩ ሥር ያለውን ብር ክፍት አድርገህ ሥራ፤ ድንጋዩ ይተነፍሳል፣ ብርም ትቆጥባለህ።

የመርካቶ ሚዛን
ደረቀ አልደረቀም የሚለውን ለዓይን አትተዉት። የወርቅ ሚዛን ካለዎት ቀለበቱን እንዳለ ጠዋትና ማታ ይመዝኑት። ብሩ ውኃ ስለማይጠጣ የሚቀንሰው ክብደት ሁሉ የድንጋዩ ውኃ ነው። ብሩን በግራም፣ ድንጋዩን በካራት ገዝተዋልና ደረቅ ክብደቱን ደምረው ማወቅ ይችላሉ፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። በማለስለስ ጊዜ ትንሽ ብር ስለሚጠፋ ጥቂት ልዩነት ቢያገኙ አይደናገጡ።

ብር ሠሪው (ጠያቂ)፣ ረቡዕ ማታ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በንጹሕ ውኃ አጥቤ አሁን መዘንሁት፤ 8.62 ግራም ሆነ። ድንጋዩ ሳይገባ ቀለበቱ 7.30 ግራም ነበር፤ ድንጋዩ ደግሞ 6 ካራት ስለሆነ 1.20 ግራም ነው። ስለዚህ ሲደርቅ 8.50 አካባቢ መድረስ አለበት። ከንፈሩን የሠራሁት ከንጹሕ ብር ነው፤ የሠርጉ ቀን እስኪቃረብ አልነካውም። ሻጩንም ደውዬ ስለ ክሴ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

የደላንታ ልጅ
ለሙሽሮቹ ዛሬውኑ ይንገሯቸው እንጂ እስከ ቅዳሜ ማታ አያስጠብቋቸው። ዝግ ጀርባ ያለው ድንጋይ ሳምንት ሲፈጅ አይቻለሁ። ቀለሙ ባይመለስ እንኳ ቀለበቱ ለቃል ኪዳኑ ይደርሳል፤ ሳህን ሲያጥቡ ግን ማውለቅ እንዳለባቸው አብረው ይንገሯቸው።

ብር ሠሪው (ጠያቂ)፣ ዓርብ ጠዋት
8.55 ደርሷል። በጠርዙ ዙሪያ እንደ ወተት ያለ ቀጭን ነጭ መስመር ታየ፤ መሐሉ ግን አሁንም ጥርት ያለ ነው። ይህ ነጭ መስመር መድረቅ ነው ወይስ የሳሙና ቅሪት?

ድንጋይ ጠራቢ
መድረቅ ይመስለኛል። ውኃው ሲወጣ መጀመሪያ እንደ ወተት ይደበዝዛል፤ የቀለሙ ጨዋታ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። አይጥረጉት፣ አያሙቁት፤ ነገ ጠዋት ደግመው ይመዝኑትና ቁጥሩን ይጻፉልን።