ከአሳይመንት ጋር የሚላከው ሪፍሌክሽን ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ፣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

የሳቢያን መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁም። እዚሁ ድሬ (ድሬዳዋ) 9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። አሳይመንት የምቀበለው በቴሌግራም ነው። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይሠራሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ የክፍሉ ግሩፕ ላይ ይለቁታል። ዘንድሮ አንድ ነገር ጨመርኩ። ሥራውን ሲያስገቡ "ከዚህ አሳይመንት ምን ተማርክ?" ለሚል ጥያቄ ሦስት አራት መስመር አብረው ይጽፋሉ። ሪፍሌክሽን መሆኑ ነው። ከ10 ማርክ 2ቱን ለእሱ ሰጠሁት።

ይህን ያመጣሁት ክፍል ውስጥ "ጥያቄ ያለው አለ?" ስል ሁሉም ጭጭ ስለሚል ነው። ፊት ለፊት የሚያፍር ልጅ በጽሑፍ ይናገራል፣ እኔም የቱ ጋ እንደተያዘ አውቃለሁ ብዬ። የሚመጣልኝ ግን "ብዙ ቁም ነገር ተምሬበታለሁ፣ መምህር እናመሰግናለን" ነው። ቀጣዩም ያው፣ ከሱ የሚቀጥለውም ያው። አንዳንዱ ደግሞ ቻትጂፒቲ የጻፈው ያማረ እንግሊዝኛ ይልካል፣ ጠርቼ ምን ማለትህ ነው ስለው አንድ ዓረፍተ ነገር አይወጣውም።

ምሳሌ ልስጣችሁ። "አንድ ባጃጅ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሰከንድ ስንት ሜትር ይሄዳል?" አልኩ። መልሱ 10 ነው። ብዙዎቹ ግን በ3.6 ማካፈል ሲገባቸው አባዝተው 129.6 ብለው አመጡ። ይህ በሰዓት ከ460 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የባጃጅ ፍጥነት! ከሥሩ የጻፉት ደግሞ "የፍጥነት ስሌት በደንብ ገብቶኛል" ይላል። ልጁ እንዳልገባው አያውቅም፣ ሪፍሌክሽኑም አላሳወቀውም። ታዲያ ለምን አስጽፋለሁ? ልተወው ወይስ የምትሉት ነገር አለ?

ከጁገል፦

እንዴት ነህ ወንድሜ። እኔ ሐረር ሒሳብ አስተምራለሁ። እንዳትተወው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ጊዜው ነው ያልሆነው።

አስበው እስቲ። ልጁ ሥራውን ሲልክ ትክክል ይሁን ስህተት ገና አያውቅም። ያኔ ምን ተማርክ ስትለው ምን ይበል? ደህና ሠርቻለሁ ብሎ ነው የላከው። ስለዚህ ያመሰግንሃል። ሪፍሌክሽኑን መጠየቅ ያለብህ ሥራው ታርሞ ሲመለስለት ነው። ያውም ሙሉ በሙሉ ሳታርምለት። እኔ የተሳሳተው መስመር ላይ ብቻ ክብ አደርጋለሁ፣ መልሱን አልጽፍም። ከዚያ ጥያቄዬ "እዚህ ጋ ስትደርስ ምን አስበህ ነው?" የሚል ነው። ይህን ቻትጂፒቲም ጓደኛውም አይመልስለትም፣ ምክንያቱም ስለራሱ ሦስተኛ መስመር ነው የተጠየቀው።

ሌላው ማርኩ ነው። 2 ማርክ ካስያዝክበት ልጁ መምህሩ ደስ የሚለውን ይጽፋል። ይህን እኛ መምህራን ከማንም በላይ እናውቃለን። የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ፖርትፎሊዮ ስንሞላ ሱፐርቫይዘር ያየዋል ብለን የምንጽፈውና ለራሳችን ብለን ማስታወሻ ላይ የምንጽፈው አንድ ነው? አይደለም። ልጆቹም እንደዚያው ናቸው። የጻፈ ሁሉ እኩል ያግኝ፣ "አልገባኝም" ያለው ማርክ እንዳይቀነስበት ክፍል ውስጥ በግልጽ ንገራቸው። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ደጋግመህ። መጀመሪያ ላይ አያምኑህም።

የሳቢያን መምህር፦

እህቴ፣ የጊዜው ነገር ፈጽሞ አልታየኝም ነበር። ግን አራት ሴክሽን አለኝ፣ አንዱ ክፍል ውስጥ ከ50 በላይ ልጅ። ለሁሉም ክብ እያደረግኩ፣ መልሳቸውን እያነበብኩ፣ ደግሞ መልስ እየሰጠሁ እንዴት ይሆናል?

ከጁገል፦

ለሁሉም በየሳምንቱ አይሆንም። በየሳምንቱ አንድ ሴክሽን ያዝ። የቀሩትን እንደ ድሮህ እረም። ደግሞ ታየዋለህ፣ ስህተቱ 50 ዓይነት አይደለም፣ ሦስት ወይም አራት ነው። ስም ሳትጠራ በጣም የተደጋገመውን መርጠህ አጭር ቮይስ ለክፍሉ ላክ፣ "ብዙዎቻችሁ እንዲህ አስባችኋል፣ ለምን እንዳሰባችሁት ይገባኛል፣ ግን..." ብለህ። ልጆቹ የጻፉት ነገር መነበቡን ካወቁ ይጽፋሉ። መልስ ካላዩ ሁለተኛ አይጽፉም።

ነርሷ፦

ሰላም መምህር። እኔ ተማሪ ነኝ፣ ሐረር የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ጤና ኮሌጅ። የድሬ ልጅ ነኝ፣ ሃይስኩልም እዛው ነው የጨረስኩት። በተማሪ ዓይን የማየውን ልንገርዎት።

አንደኛ፣ ግሩፕ ላይ ማስገባት ይቅር። መጀመሪያ የላከው ጎበዝ ልጅ ሥራ ለሌላው መልስ መስጫ ይሆናል፣ ሌላው ከደብተሩ ሳይሆን ከስልኩ ይገለብጣል። 129.6 የበዛውም ለዚህ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ልጅ ተሳስቶ ሌሎቹ ተከትለውት። ደግሞ 50 ልጅ በሚያየው ቦታ ላይ ማን ነው "አልገባኝም" ብሎ የሚጽፈው? በተለይ ሴቶቹ። ለእርስዎ ብቻ የሚታይ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ቋንቋው። ድሬ ላይ ልጅ በታችኛው ክፍል በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ተምሮ ይመጣል። 9ኛ ሲገባ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ስሌቱን በእንግሊዝኛ ይሥራ፣ ፈተናውም በእሱ ስለሆነ። ግን ምን እንዳሰበ ሲጽፍ በሚያስብበት ቋንቋ ይጻፍ። በእንግሊዝኛ ካሉት የሚያውቃትን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፍልዎታል፣ ወይ ቻትጂፒቲ ጋ ይሄዳል። ሌላ የት ይሂድ?

እኛ ነርሲንግ ላይ ሪፍሌክሽን ስንማር የትምህርት ተመራማሪው ግራሃም ጊብስ በፈረንጆቹ 1988 ያወጣውን ስድስት ደረጃ ያለውን ዑደት አይተናል። ምን ሆነ፣ ምን ተሰማህ፣ ምኑ ጥሩ ምኑ መጥፎ ነበር፣ ለምን፣ ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር፣ በሚቀጥለው ምን ታደርጋለህ። ለ9ኛ ክፍል ይበዛል። ከሱ በፊት አሜሪካዊው መምህር ቴሪ ቦርተን በፈረንጆቹ 1970 ያመጣት አጭሯ ትበቃለች፦ ምን ሆነ? ምን ማለት ነው? አሁንስ ምን ላድርግ? ሦስቷን ብቻ ቢሰጧቸው፣ ለእያንዳንዷ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

መምህር፣ እኔ የምጽፈው እንደ ወላጅ ነው። ገንደ ቆሬ ነው የምንኖረው። ቤታችን ያለው ደህና ስልክ አንድ ነው፣ እሱንም ይዤ ቀፊራ ገበያ እውላለሁ። ሥራ ነው፣ ትቼው መውጣት አልችልም። ማታ ስገባ ሁለቱም ልጆች ይጠብቁኛል። መብራት ካለ፣ ኔትወርኩም ደህና ከሆነ ይልካሉ። ካልሆነ ጠዋት። ልጄ ሰነፍ ተብሎ ማርክ ሲቀነስበት ያለቀሰበትን ቀን አልረሳውም፣ ሥራው እኮ ደብተሩ ላይ አልቆ ተቀምጧል። እባካችሁ መምህራን፣ ቀኑን ስታስቀምጡ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይኑረው።

ሰዓቱን ደግሞ በሰዓታችን ጻፉልን። አንድ መምህር ልጄን "እስከ 11:59" ብሎት ልጁ የኛው 11 ሰዓት ከ59 መሰለው። ሳይጨርስ፣ ጸሐይ ሳትጠልቅ ብሎ ግማሹን ላከ። ለካ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። ቀኑም በፈረንጅ ነበር። ለአዋቂም ያስቸግራል እንኳን ለልጅ።

ሌላ የምለው የለኝም። ልጆቹ ምን እንዳሰቡ መጠየቅዎ ግን ደስ ብሎኛል። እኛ ስንማር ማንም ጠይቆን አያውቅም።

ገመድ አልባ፦

አቦ መምህር፣ ይሄ ሁሉ ነገር በቴሌግራም ግሩፕ ለምን ትቸገራለህ? ጎግል ክላስሩም ሞክር፣ አሳይመንት መስጫና መቀበያ አፕ ነው፣ ነፃ ነው። ልጁ "ተርን ኢን" (አስገባ) ሲል ሥራው ለአንተ ብቻ ነው የሚታየው፣ የላከውን ፋይል ከዚያ በኋላ መነካካት አይችልም። ማስተካከል ከፈለገ "አንሰብሚት" ብሎ ይመልሰዋል፣ ቀኑ ካለፈ ግን ዘግይቷል ይላል፣ ይህን አስቀድመህ ንገራቸው። ሁለት ዓይነት ኮመንት አለው። አንዱን ክፍሉ ሁሉ ያየዋል። ፕራይቬት ኮመንት የሚባለውን አንተና ልጁ ብቻ ናችሁ የምታዩት። ሪፍሌክሽኑ እዚያ ይሁን። የጁገሏ እህታችን ያለችውም እዚያው ይሠራል፣ አንተ ክብ አድርገህ "ሪተርን" (መልስ) ትለዋለህ፣ እሱ በፕራይቬት ኮመንት ይመልስልሃል፣ ከሥራው ጋር አብሮ ይቀመጣል። ዓመቱ ሲያልቅ ልጁ መስከረም ላይ የጻፈውን ከግንቦቱ ጋር ማየት ይችላል።

የእናታችን የ11:59 ነገር እውነት ነው። ክላስሩም ላይ ቀን ብቻ አስገብተህ ሰዓት ካልሞላህ በራሱ 11:59 ፒኤም ነው የሚያደርገው። ሰዓቱን ራስህ አስገባ፣ መመሪያው ላይም "ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት" ብለህ በአማርኛ ጻፈው።

የፎቶው ክብደትም ያሳስባል። የስልክ ፎቶ አንዱ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ይሆናል፣ ስምንት ገጽ ሲሆን ፓኬጁ አለቀ። ጎግል ድራይቭ አፕ ላይ ስካን የሚል አለ፣ ገጾቹን በአንድ ፒዲኤፍ ያደርጋቸዋል፣ ብዙ ጊዜም ይቀላል። ቴሌግራም ላይ ከቆየህ ደግሞ "በፋይል" ሳይሆን "በፎቶ" ይላኩ፣ ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 የኔትወርክ ሙከራውን ከድሬ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ሁለት ሲም ይዟል፣ አንዱ ሲጠፋ በሌላው ይሞከራል። ግን ሁሉም ቤት አይደለም፣ እናታችን እንዳለችው።

የሆነው ሆኖ ኦንላይኑን አትተወው። በ2016 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑት ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጥቷል። ኮምፒውተር ፊት የመጀመሪያ ቀናቸው የፈተና ቀን መሆን የለበትም።

የሳቢያን መምህር፦

ለቆየሁት ይቅርታ፣ በአንድ ሴክሽን ሞክሬው እስካይ ነው። ግሩፑን ለማስታወቂያ ብቻ አድርጌ ሥራውን በክላስሩም ተቀበልኩ። ማርኩን አነሳሁ። መስመሩ ላይ ክብ አድርጌ "እዚህ ጋ ምን አስበህ ነው?" አልኩ፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ ብዬ።

አንዱ ልጅ ምን ብሎ እንደጻፈ ላካፍላችሁ። "ኪሎ ሜትር ከሜትር ስለሚበልጥ ወደ ሜትር ስቀይር ቁጥሩ መጨመር አለበት ብዬ ነው ያባዛሁት።" በቃ፣ ይሄ ነው። አስቦበታል እኮ! ርቀቱን ብቻ ቢሆን ትክክል ነበር። ሰዓቱም ወደ ሰከንድ መቀየሩን ነው የረሳው። እኔ ሳስተምር 3.6 የምትባለውን ቁጥር ብቻ ነበር የሰጠኋቸው፣ ከየት እንደመጣች ብዙ አልቆምኩበትም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ርቀቱን ለብቻ፣ ጊዜውን ለብቻ አስቀየርኳቸው። 36,000 ሜትር፣ 3,600 ሰከንድ፣ ሲካፈል 10። ሌሎችም ያንኑ ልጅ ያለውን ጽፈው ነበር፣ ሌላ ሌላ ቃል ይዘው።

አሁን የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ጥቂት ልጆች በሶማሊኛ ጻፉልኝ፣ እኔ አላነብም። ጥቂቶቹ ደግሞ ምንም አላስገቡም፣ ስልክ የላቸውም።

ነርሷ፦

የሶማሊኛውን ቋንቋውን የሚያውቅ መምህር ጓደኛ ያንብብልዎት። ልጁ የጻፈው ለእርስዎ ብቻ ስለሆነ ግን መጀመሪያ ያስፈቅዱት። በሌላ ሰው መነበቡን ካልፈለገ በቃሉ ይንገርዎት።

ከጁገል፦

ስልክ የሌላቸው በወረቀት ይስጡህ። ሥራውንም ሪፍሌክሽኑንም። አንተ በራስህ ስልክ ስካን አድርገህ በስማቸው አስቀምጥላቸው፣ የዓመቱ ሥራቸው ከሌሎቹ ጋር አብሮ እንዲገኝ። ቀኑም ለእነሱ ያው ቀን ይሁን፣ አትቀንስባቸው። ሰብስቦ የሚያመጣልህ ደግሞ የክፍል አለቃው አይሁን፣ የጻፉትን ያነበዋል። በቀጥታ ለአንተ ይስጡህ።