በፎገራ ሜዳ ክሬን የተባሉትን ወፎች ፎቶ ለማንሣት የትኛው ወር፣ የትኛው ሰዓት ይሻላል?

ጠያቂ፦ የባሕር ዳር ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት በትርፍ ጊዜዬ በጣና ዳርቻ ወፎችን ፎቶ ሳነሣ ቆይቻለሁ። በከተማው ዳር የሚገኙትን ፔሊካን፣ ሳቢሳና ያንን ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ጠባያቸውን ለምጃለሁ። ልቤ ያለው ግን ከክረምት በኋላ ከሩሲያ በኩል መጥተው በፎገራ ሜዳ፣ በሸሸርና በወላላ ረግረጎች በሚከርሙት ግራጫ ክሬኖች ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ጥር አጋማሽ ላይ ከአንድ አስጎብኚ ጋር በወረታ በኩል ሄጄ ነበር። ስንደርስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሆኗል፤ መንጋው በታጨደ ማሳ ላይ ተበትኖ ይለቅም ነበር። አስጎብኚው «ጠጋ ይበሉ፣ አይሸሹም» ስላለኝ በእግሬ ወደ እነርሱ አመራሁ። ገና ሩቅ ሳለሁ ከዳር ያሉት መልቀማቸውን ትተው አንገታቸውን ቀጥ አደረጉ፤ ሁለት እርምጃ ስጨምር መንጋው በሙሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ። የቀረኝ ፎቶ የሚሸሹ ወፎች ጀርባ ብቻ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ወፎቹ ዞረው ያረፉት በአንድ ሽማግሌ ሽምብራ ላይ መሆኑ ነው፤ አባት ወንጭፋቸውን ይዘው በማሳው ላይ ሲሮጡ አይቼ በጣም አፈርኩ። ዘንድሮ ያንን ላለመድገም እፈልጋለሁ። መቼ ልሂድ? ምን ያህልስ ልራቅ? ያለኝ ባለ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው።

መልስ፦ ጀልባ ነጂ

ወንድሜ፣ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተሻግሬ በሐይቁ በኩል ልድረስባቸው ብለው ካሰቡ ይተዉት። ሐይቁ ጠዋት ቢረጋም ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ያንገላታል፤ በምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ ውኃው ጥልቀት የለውም፣ እንቦጭ የያዘውም ቦታ አለ። የሞተሩ ድምፅም ከእርስዎ ቀድሞ ይደርሳል። በመኪና ወረታ ድረስ መሄዱ ይሻላል።

መልስ፦ የፎገራ ተወላጅ

ያደግሁት እዚያው ሜዳ ላይ ከብት እየጠበቅሁ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርዎት። በክረምት ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ውኃው ቀስ እያለ ሲሸሽ ገበሬው በእርጥበቱ ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ በዝቅተኛው ቦታ ደግሞ ቅልጥም የማያልፍ ውኃ ይቀራል። ክሬኖቹ የሚፈልጉት እነዚህን ሁለቱን ነው። ቀን በማሳው ላይ የረገፈ እህል ይለቅማሉ፤ ሌሊት ጅብና ቀበሮ ሳይሰማ እንዳይደርስባቸው በዚያ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። መምጣት የሚጀምሩት በጥቅምት መጨረሻ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር በብዛት ይገኛሉ፤ ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ እየተነሡ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። እኔ ታኅሣሥን እመርጣለሁ፤ ጥር ሲያልፍ ውኃው በመድረቁና ለመስኖ በሞተር በመሳቡ ማደሪያቸው እየጠበበ ይሄዳል፤ ወፎቹም ይጨናነቃሉ፣ ቶሎም ይደነግጣሉ።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፣ ባለፈው ዓመት የሄዱበት ሰዓት ከሁሉም የከፋው ነው። ወፉ ተበትኖ የሚበላበት ነው፤ በዚያ ላይ ማሳው ገላጣ ስለሆነ እርስዎን ከሩቅ ያያል። እርስዎ ወደ ወፉ መሄድዎን ይተዉና ወፉ ወደሚመጣበት ቀድመው ይቀመጡ። ከሽምብራው ዳር ሰብል ጠባቂዎች የሚያድሩባቸው ትንንሽ ጎጆዎች አሉ። ክሬኖቹ እነዚያን ጎጆዎች በየቀኑ ስለሚያዩአቸው አይፈሯቸውም። ባለቤቱን አስፈቅደው፣ የድካሙንም ከፍለው ገና ሳይነጋ ከገቡ በኋላ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ቢጠብቁ፣ ከማደሪያቸው ተነሥተው በራስዎ ላይ ያልፋሉ። ድምፃቸውን ከማየትዎ በፊት ይሰሙታል፤ ከሩቅ የሚነፋ መለከት ይመስላል። ሲበሩም አንገታቸውን እንደ ሳቢሳ አጥፈው ሳይሆን ወደ ፊት ዘርግተው ስለሆነ አይሳሳቱም።

ያፈሩበትን ነገር በተመለከተ፣ በእኛ አካባቢ ገበሬው ክሬኑን አይጠላም፤ ነገር ግን ከመሬት ብቅ ያለ ሽምብራ ላይ አንድ መንጋ ሲያርፍበት የአንድ ወር ልፋቱ ነው የሚነቀለው። ወፉን ከታጨደ ማሳ ላይ የሚያስነሣ ሰው በሙሉ ወደ ሰው ሰብል እየነዳው መሆኑን ይወቅ።

መልስ፦ ፎቶ አንሺ

የፎገራው ወንድማችን ያሉት ትክክል ነው፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ቦታውን በደንብ ለማያውቅ ሰው በጨለማ መግባት አይመከርም። መንገድ ስቶ ወደ ማደሪያው ቢጠጋ፣ በሌሊት የተነሣ መንጋ በጨለማ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ምሽቱን ይሞክሩ። ከ10 ሰዓት ጀምሮ በጎጆው ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁ፤ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊትና ከጠለቀች በኋላ ባለው ጊዜ በትንንሽ ቡድን እየሆኑ ወደ ውኃው ይመለሳሉ። ረግረጉ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ወደ ጣና ዞረው ካነሡ ወፎቹ በቀላው ሰማይ ላይ ጥቁር ጥላ ሆነው ይወጣሉ። ጨርሶ እስኪጨልምና ሁሉም እስኪያርፉ ድረስ ግን ከጎጆው አይውጡ።

የጠዋቱ 4 ሰዓት ሌላም ችግር አለበት። መሬቱ ሲሞቅ የሚነሣው ትኩስ አየር በሩቅ ያለውን ምስል ስለሚያርገበግበው፣ ሌንስዎ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ፎቶው ጥራት አይኖረውም። ለበረራ የሹተሩን (የካሜራውን መዝጊያ) ፍጥነት ከ1/1600 ሰከንድ በታች አያውርዱት። ካሜራው ብሩህ ሰማይ ሲያይ ወፉን ስለሚያጠቁረው ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ይጨምሩ። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ጎጆ ውስጥ አይመችም፤ እኔ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ከወረታ ገበያ በገዛሁት ሩዝ ሞልቼ ሌንሱን በላዩ አሳርፋለሁ።

ርቀቱን በሜትር ከመለካት ይልቅ አንገታቸውን ይመልከቱ። አንዱ ቀና ብሎ ካየዎት ይቁሙ፤ ሦስት አራቱ ቀና ካሉ ወደ ኋላ ይመለሱ። መንጋው ተረጋግቶ ሲለቅም ደግሞ ቤተሰቡን ይፈልጉ፦ በሁለት ወላጆች መካከል ጭንቅላቱ ቡናማ የሆነ፣ የአናቱ ቀይ ምልክት ገና ያልወጣለት ጫጩት አለ። ያንን ሁሉ መንገድ በመጀመሪያ ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር በርሮ የመጣ ነው፤ እናቱ ወይም አባቱ እህል ሲያሳዩት ያነሣሁት ፎቶ እስካሁን ካሉኝ ሁሉ የምወደው ነው።

ጠያቂ፦ የባሕር ዳር ነዋሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት፣ በምሽት ለመሄድ ወስኛለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ ያ ዘውድ ያለው ክሬን በዚያው ጊዜ ይገኛል? ደግሞም ወንጭፍ ይዘው የሮጡትን አባት ፈልጌ ይቅርታ ብጠይቃቸው አይከፋቸውም?

መልስ፦ የፎገራ ተወላጅ

ባለ ዘውዱ ዓመቱን ሙሉ ከእኛው ጋር ነው። ክረምት በረግረጉ ሣር ውስጥ ስለሚፈለፍል ያን ጊዜ አይቅረቡት፤ በበጋ ግን ሲመሽ ዛፍ ላይ ሲወጣ ያገኙታል፤ ግራጫው ዛፍ ላይ አያርፍም።

ስለ አባታችን አይስጉ። ከማንም በፊት ወደ እርሳቸው ይሂዱ፤ ጎጆውንም እርሳቸውን ይጠይቁ፣ ወፉ የትኛው ማሳ ላይ እንደዋለ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ስለ ምሽቱም ፎቶ አንሺው ልክ ናቸው፤ እኔ ሜዳውን በእግሬ ስለማውቀው ጨለማውን ረስቼዋለሁ። ጋቢ ግን ይያዙ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሜዳው ይበርዳል፣ ወፎቹ ደግሞ እስኪረጋጉ ድረስ ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ።